ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት አንጥረኞች

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ያልተጻፈና ያልተነገረ ምን ቀርቶ ነው ዛሬ ደግሞ የሚጻፈው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነቱን ነው፤ የመቅደላው ሽጉጥ፣ ሹሩባው፣ አንበሶቹና ቁጣው በየመድረኩ ሲተረኩ ሰምተን አድገናል። ቴአትር ተጽፎላቸዋል፤ ልብ ወለድም ተደርሶላቸዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ በጥቂት መስመር የሚታለፈውን ነገር ነው፤ ይኸውም የእጅ ጥበብ ዕውቀት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ሙከራና ሙከራው ሳይሰነብት የቀረበት ምክንያት ነው። ስለዚህ የጦርነቱን ታሪክ ፈጥኜ ባልፈው አንባቢ አይቀየመኝ፤ እርሱን በሌላ ቦታ እንደ ልቡ ያገኘዋል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ትባላለች። ቤቱ ሲፈርስ እናቱ ተቸግራ በጎንደር ከተማ ኮሶ እየሸጠች ልጇን አሳደገች እየተባለ ይነገራል። ልጁ ገዳም ገብቶ ፊደል ቈጠረ፤ ዳዊት ደገመ። የመሳፍንቱ ጦርነት ግን ገዳምንም አይምር ነበርና የሚማርበት ገዳም ሲዘረፍ አምልጦ ወጣ። ካደገ በኋላ ሸፈተና የቋራን ቈላ ያዘ። በሽፍትነቱ ዘመን የማረከውን ገንዘብ ለገበሬዎች እየሰጠ የዕርሻ መሣሪያ እንዲገዙበት ያደርግ ነበር ይባላል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ሰውየው ገና ከጥዋቱ ብረት የሚያያት በሁለት ፊቷ ነበር፤ በጦርነቷም በማረሻነቷም።

ጠላቶቹ ሊያዋርዱት ሲፈልጉ የኮሶ ሻጭ ልጅ ይሉት ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉ መኰንን ይህንኑ ስድብ በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ ሊይዙት ዘመቱበት፤ እርሱ ግን ድል ነሥቶ ማረካቸውና ኮሶ ግቷቸዋል እየተባለ ይተረካል። ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁላችንም እንሥቃለን። ዳሩ ግን ስድቡ ያረፈው በድኽነቱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በእናቱ ሥራ ላይ ነበር። በዚያን ዘመን፣ ከዚያም ወዲህ ብዙ ዘመን፣ ከማረስ፣ ከመዝመትና ከመቀደስ ሌላ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሁሉ የተለጠፈበት ስም ነበረው። ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ ይባል ነበር። አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋማ ከስድብም የባሰ ነበረባቸው፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ይፈሩ ነበር። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ በግንብ ሥራና በአንጥረኛነት አገር ያገለገሉት ቤተ እስራኤል ከዚህ ሐሜት አላመለጡም።

ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ቃሉ የተወሰደው ከወርቅ ሠሪው ቤት ነው። ወርቅ ሠሪው የፈለገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲደርቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ የቀለጠውም ወርቅ ሰሙ በለቀቀው ቦታ ይገባል። ሊቃውንታችን የትምህርታቸውን ታላቅ ምሳሌ ከዚህ ሰው ደጅ ወሰዱ። ሰውየውን ግን ከማዕዳቸው አላስቀመጡትም።

የተናቀ ሰው ዕውቀቱን ይደብቃል። ለምን አይደብቅ? መሬት የለው፤ ማዕርግ የለው፤ ያለው ሀብት በወናፉና በመስፉ መካከል ያለው ብልሃት ብቻ ነው። ብረቱ ምን ያህል ሲቀላ እንደሚመታ፣ ማረሻው በውሃ የሚነከረው መቼ እንደ ሆነ ለባዕድ ቢያሳይ የልጁን እንጀራ የሰጠ ይመስለዋል። ሌላውም ሰው ቢሆን እንማር ብሎ አይጠጋውም፤ የተማረ እንደ ሆነ ስሙ ይከተለዋላ። ስለዚህ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይሄዳል፤ ልጅ የሌለው አንጥረኛ ሲሞት ብልሃቱ አብሮት ይቀበራል። በእኛ አገር በአገው ምድር ግምጃ ቤት የሚባል ከተማ አለ፤ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ግምጃ ቤት ማለት የከበረ ዕቃ ተቈልፎ የሚቀመጥበት ቤት ማለት እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአንጥረኛው ሙያ እንደዚሁ ተቈልፎ የኖረ ሀብት ነው፤ ልዩነቱ ቈላፊው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ጭምር መሆኑ ነው። እኛ የአገው ልጆች በፈረሳችን እንኰራለን፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ፈረሰኛው በእልልታ ይታጀባል። የፈረሱን ልጓምና የእግሩን እርካብ ቀጥቅጦ ያወጣውን ሰው ግን እልል የሚልለት የለም።

ወደ ካሣ እንመለስ። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ወታደሮቹ ጀግኖች ነበሩ፤ ነገር ግን ከምሽጉ በስተኋላ መድፍና ሥርዓት የለመደ ተኳሽ ይጠብቃቸው ነበርና እንደ ቅጠል ረገፉ። ካሣ ከዚያ ሜዳ ሁለት ትምህርት ይዞ ተመለሰ። አንደኛው ወታደር ያለ ሥልጠና ብዛት ብቻ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጀግንነት መድፍ እንደማይመልስ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር፤ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሣ፤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ከመታ በኋላ በየካቲት ወር ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ካስነገሯቸው አዋጆች አንዱ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ የሚል ነበር፤ ገበሬው ወደ ዕርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ። በሽፍታና በወታደር ለተዘረፈ አገር ይህ መልካም አዋጅ ነበር። ሆኖም ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ከተመለሰ የገበሬ ልጅ ብረት ማቅለጥን የሚማረው ከማን ነው? ንጉሡ ራሳቸው ይህን ጥያቄ ጠይቀው እንደ ሆነ አላነሣም። መልሱን ግን በሥራ ሰጡ፤ መልሱም በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት ናት።

ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊዘርላንድ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና ትምህርት ቤት የተላኩ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የላኳቸው ቀድሞ በኢትዮጵያ የነበሩት የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነበሩ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን፣ በኋላም ቫልድማየርና ዛልሙለር፣ በእጃቸው ሥራ እያደሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ የታሰቡ ሰዎች ናቸው። በሣጥን ይዘው የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጻሕፍቱን አልናቁም፤ ነገር ግን በምትኩ ጠመንጃና ባሩድ ቢያመጡላቸው ይመርጡ እንደ ነበር አልሸሸጉም። ክርስቲያኑን ሕዝብ ወደ ሌላ ሃይማኖት እንዳይስቡ ከለከሏቸውና በእጃቸው ያለውን ጥበብ ጠየቋቸው።

ሰዎቹ በመጀመሪያ መንገድና ቤት፣ ጠመንጃ ማደስና የእንጨት ሥራ ነበር የተያያዙት። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሉ ጊዜ ግን ደነገጡ፤ መድፍ ያቀለጠ ከመካከላቸው አልነበረምና አንችልም አሉ። ንጉሡ አንችልም የሚለውን ቃል የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም፤ አሽከሮቻቸው ታሰሩ፤ እነርሱም እንሞክር አሉ። ከእነርሱ ጋር ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪና ሞሪስ ሆል የሚባል የፖላንድ ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ለእኔ የጋፋት ታሪክ ልቡ እዚህ ነውና። መድፍ ማቅለጥ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። መዳብ ለመቅለጥ ከ1080 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል፤ ከቈርቈሮ ሲደባለቅ ጥቂት ይቀንሳል። ይህን ሙቀት የሚችል ምድጃ ተራ ጭቃ አይሆንም፤ ሸክላው ራሱ መቅለጥ ይጀምራል። የመድፉ ቅርጽ የሚፈስበት ጭቃ ደግሞ እስከ ውስጡ ካልደረቀ የቀረችው ጠብታ ውሃ በአንድ አፍታ እንፋሎት ሆና ቅርጹን ታፈነዳዋለች፤ በአጠገቡ የቆመውንም ትገድላለች። ብረቱም ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀልጦ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት፤ ግማሹ ከፈሰሰ በኋላ ቀሪው ቢዘገይ መድፉ በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ጋፋት ውስጥ አንዱ ጠመንጃ ያውቃል፤ ሌላው ማቅለጥ ይሞክራል፤ ሌላው እንጨት ይጠርባል፤ ሌላው ድንጋይ ይክባል። የአንዱ ጉድለት በሌላው ሲሞላ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ከከሸፈ በኋላ የሚቀጥለው ሲታረም፣ በመጨረሻ ቀለጠ። ማንም ብልሃቱን ከጓደኛው ቢደብቅ ኖሮ ጋፋት የከሰል ክምር ሆና በቀረች ነበር። ንጉሡም ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ሸለሟቸው፤ ወደ ሥራው ቦታም ደጋግመው እየመጡ ያዩ ነበር።

ጋፋት መድፍ ብቻ አልነበረችም። በዚያ የኢትዮጵያ ወጣቶች ማንበብና መጻፍ እንዲሁም የእጅ ጥበብ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ፊደልና ወናፍ በአንድ ግቢ! ደብተራው በአንድ ወገን፣ ቀጥቃጩ በሌላ ወገን በሚኖርበት አገር አንድ ልጅ በጥዋት ፊደል፣ ከሰዓት በኋላ መዶሻ የሚይዝበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከማናቸውም መድፍ ይበልጥ ነበር። ንጉሡ ራሳቸውም የእጅ ሥራ ነውር እንዳልሆነ በገዛ እጃቸው አሳዩ፤ ከደብረ ታቦር መንገድ ሲቀደድ ከጥዋት እስከ ማታ ድንጋይ እያነሡ፣ አፈር እየደለደሉ ከወታደሩ ጋር ይሠሩ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኰንን እጁን አጣጥፎ ሊቆም አይችልም።

ታዲያ ስለ ምን አልሰነበተም?

በዚያው ዘመን ማለት ይቻላል በሩቅ ምሥራቅ ይህን የመሰለ ሌላ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በጃፓን ሳጋ በሚባለው ግዛት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. መድፍ ለማቅለጥ የሚያገለግል ምድጃ ተሠራ። አንድም አውሮፓዊ ባለሙያ በቦታው አልነበረም፤ የነበረው ስለ መድፍ ማቅለጥ የተጻፈ አንድ የሆላንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን የሚተረጕም ምሁር፣ ሒሳብ ዐዋቂ፣ የአገሩ ሰይፍ አንጥረኛና የአገሩ ብረት አቅላጭ አንድ ላይ ተቀመጡ። ደጋግመው ከሸፈባቸው፤ በመጨረሻ ግን ተሳካላቸው። ከዚያም በኋላ ብልሃቱ በሳጋ ግምጃ ቤት አልተቈለፈም፤ ትርጕሙ እየተገለበጠ ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄደ፤ ሌላ ቦታ ምድጃ ሲሠራ የሳጋ ሠራተኞች ሄደው ረዱ። የጃፓን ነገር በተነሣ ቍጥር ስለ ፈጣን ሥልጣኔያቸው ብዙ እንሰማለን፤ ስለዚያ ሰይፍ አንጥረኛ ግን አንሰማም። ከምሁሩ ጎን ተቀምጦ ስለ ብረት ተጠየቀ፤ የሚያውቀውንም ተናገረ። እርሱ በአገሩ የተከበረ ሰው ነበር፤ የሚሠራው ሰይፍም በባላባቱ ወገብ ላይ የሚታጠቅ ክብር ነበር።

የእኛ አንጥረኛ እንዲህ አልተጠየቀም። የጋፋት ዕውቀት የተንጠለጠለው በጥቂት የውጭ ሰዎች እጅና በአንድ ንጉሥ ቁጣ ላይ ነበር። በፍርሃት የሚሠራ ሰው የታዘዘውን ያስረክባል፤ ዕውቀቱን ግን ከሥራው ጋር አያስረክብም፤ ቢያስረክብማ የሚያድነው ነገር ከእጁ ይወጣል። ይህ የቀጥቃጩ ፍርሃት ነበር ብለናል፤ አሁን ደግሞ የነቫልድማየር ፍርሃት ሆነ። እርግጥ ከመካከላቸው ንጉሡን ከልባቸው የወደዱ ነበሩ፤ ቫልድማየር ራሱ የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ እንደ አገር ሰው ኖሯል። ይሁን እንጂ ፍቅር ያለበት እስር ቤትም እስር ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከፋ ሄደ። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ዘገየባቸው፤ ተቈጥተው ቈንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። መልሱን ይዞ የመጣውንም ራሳምን በኋላ አሰሩት። በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት፤ የላኩትም ጠመንጃ ሠሪ፣ ብረት አቅላጭ፣ ጀልባ ሠሪ፣ የጋሪ ሠሪና ልዩ ልዩ መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ነው። እስረኞቹ በእጃቸው ስለ ነበሩ ጥያቄው ልመናም ማስገደድም ነበር። በደብዳቤያቸው ራሳቸውን ዐይኑን ሊያበሩለት እንደሚለምን ዕውር አድርገው መቍጠራቸው ልብ የሚነካ ነገር ነው። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያዎቹን ቀጥሮ ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ አደረሳቸው። እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን ወደ ደጋ እንዳይወጡ ተከለከሉ። ባለሙያዎቹ በምጽዋ ሙቀት ወራት ተቀመጡ፤ ንጉሡ እስረኞቹን ሳይለቁ፣ ባለሙያዎቹም መዶሻቸውን ሳያነሡ ተመልሰው ሄዱ። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች ይህን ያህል ቀርባ የተመለሰችበት ሌላ ጊዜ አይታወሰኝም። ጥፋቱ የማን ነው ቢሉ የሁለቱም ነው፤ አንዱ ሰውን መያዣ አደረገ፤ ሌላው ዕውቀትን።

በጋፋት የነበሩትም በመጨረሻ ተጠርጥረው በጠባቂ ሥር ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱና ሥራቸውን በዚያ ቀጠሉ። ከእጃቸው ከወጡት ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ነው፤ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። አገሩ ግን ከንጉሡ እጅ እየወጣ ነበር፤ ጎጃም በተድላ ጓሉ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ሸዋ ከመቅደላ ባመለጡት በምኒልክ ተይዞ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ገደል እየተቈፈረ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆ መንገድ እየተቀደደ፣ ሴባስቶፖል በሰው ጕልበት እየተሳበ ወደ 6 ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጀ። መንገዱን ያዩት እንግሊዞች ራሳቸው አደነቁት።

በሚያዝያ 3 ቀን በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ሆነ። ሮበርት ናፒየር ይዞት የመጣው ጦር ከኋላ የሚጐርስ አዲስ ጠመንጃ ነበረው። ከንጉሡ ትላልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በዚያ ተራራ ላይ መድፍ የሚያቀልጡ ነበሩ፤ መድፍ ማጕረስን እንደ ሥርዓቱ የተማረ ተኳሽ ግን አልነበረም። የአንድ ዕውቀት ግማሹ ብቻ ሲገኝ እንዲህ ነው የሚሆነው። በፋሲካ ማግሥት በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

እንግሊዞች ከመቅደላ ሲወርዱ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ የተጫነ መጽሐፍና ንብረት ይዘው ሄዱ። የብራና መጻሕፍቱ ዘረፋ ሁልጊዜ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ከእነርሱ ጋር ግን የጋፋት ባለሙያዎችም ወረዱ፤ ቫልድማየር ኋላ በሊባኖስ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ፤ ሞሪስ ሆል በያፋ ኖረ። መጽሐፉ ቢያንስ በለንደን ሊነበብ ይችላል። የምድጃው ብልሃት ግን በወረቀት አልሰፈረም ነበር፤ በእጅ ውስጥ የነበረ ነገር እጁ ሲሄድ አብሮ ሄደ። ሴባስቶፖል ግን ከብዶ አልወርድም አለና መቅደላ ላይ ቀረ፤ አምሳያው ኋላ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ተተክሏል።

በልጅነታቸው በመቅደላ የታሰሩት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከመቅደላ 40 ዓመት በኋላ አንድ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያለ የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ የሚያስታውቅ ነበር።